አቮካዶው ጠቆረ፣ ሞርታዴላው ግን ምንም አልሆነም

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማካሪያችን፣

እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ሀዋሳ ነው። ዕድሜዬ 34 ሲሆን የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። የምሠራው ባንክ ቤት ነው፤ ጠዋት 1፡30 ወጥቼ ቤቴ የምገባው ምሽት 12፡30 ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። በጠዋቱ ፈረቃ ስለሚያስተምር ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ቤት ይሆናል። የቤት ሠራተኛችን አግብታ ከሄደች 6 ወር ሆኗታል፤ በእሷ ምትክ ሌላ አላገኘንም።

አማቴ የሚኖሩት ይርጋለም ነው። በየ15 ቀኑ በሚኒባስ ጆንያ ሙሉ ነገር ይልኩልናል፤ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ጎመን፣ ቆጮ፣ አንዳንዴም በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። እግዜር ይስጣቸው፣ ጆንያው በመጣ ቀን ቤታችን ገበያ ይመስላል። ግን እኔ ሥራ እገባለሁ፣ መብራት ይጠፋል፣ አቮካዶው የተማከረ ይመስል ሁሉም በአንድ ቀን ይበስላል፣ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። በሳምንቱ ግማሹን በፌስታል አድርጌ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ስሰጥ ጎረቤት እንዳያየኝ ዙሪያዬን እቃኛለሁ።

ስለዚህ ቀስ በቀስ የማይበላሸውን መግዛት ጀመርኩ። በሦስት ደቂቃ የሚደርስ ኑድል፣ ሞርታዴላ፣ የታሸገ ጁስ፣ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ሳልሳ፣ ሳይከፈት ወራት የሚቆይ ወተት። ትልቁ ልጄ በጣም ደስ አለው። ቀድሞ ፍርፍር ሳስይዘው ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ ይመልሰው ነበር፤ «የእኔ ይሸታል፣ የሌሎቹ አይሸትም» ይለኛል። አሁን በየቀኑ ማለት ይቻላል ሞርታዴላ በዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ፍርፋሪ እንኳን አያስተርፍም።

ባለፈው ወር አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ውኃ ሊቀዱ ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ የላኩት አቮካዶ ጠቁሮ፣ ጎመኑ ቀልጦ አገኙት። ከጎኑ ሞርታዴላው ሮዝ እንደ መሰለ ተቀምጧል። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ትል የተጠየፈውን ለልጅ ይሰጣል?» አሉኝ። ባለቤቴ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን «እማዬ እኮ እውነቷን ነው፤ ልጆቹን በፋብሪካ ምግብ እያሳደግሻቸው ነው» አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እውነት ልጆቼን እየጎዳኋቸው ነው? አማቴ ልክ ከሆኑ ሥራዬን ልተው? ወይስ የታሸገ ሁሉ መርዝ ነው የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው? እባክዎ ሳይሸነግሉ ይንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህቴ፣

ሳልሸነግልሽ እንድነግርሽ ጠይቀሻልና ከቀላሉ ልጀምር፤ ሥራሽን አትተዪ። ጎመን ቢጫ ሆነ ተብሎ ለባንክ ቤት የመልቀቂያ ማመልከቻ አይጻፍም። ይህችን ጥያቄ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሻት አለፍሽ፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ እሷ ናት። አንዲት ሴት ማቀዝቀዣ ውስጥ በታየ ነገር ምክንያት ደመወዟን ለመተው እስከ ማሰብ ከደረሰች፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ሸክም ከአቮካዶ ይከብዳል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። ያን ቀን ያስለቀሰሽ የአማትሽ ቃል ነው ወይስ የባለቤትሽ ዝምታ? «እያሳደግሻቸው ነው» አለኝ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። «እያሳደግናቸው» አላለም። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ በዚያች ፊደል ግን የሁለት ሰው ልጆች የአንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የአማትሽን ነገር እንየው፣ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያስቸግራል።

ትል ያሉት እንዲሁ የተጣለ ነገር አይደለም። ምግብ የሚበላሸው ውኃና ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ እኛን የሚመግበን ነገር ሻጋታንና ባክቴሪያንም ይመግባል። በዚህ በኩል አማትሽ ልክ ናቸው። ነገር ግን «የማይበላሽ ሁሉ መጥፎ ነው» ካልን ራሳቸው የላኩት ቆጮም አብሮ ሊወገዝ ነው። ቆጮ እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ታፍኖ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት የተብላላ ምግብ ነው። ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ገመድ ላይ የደረቀ ሥጋ ነው። ንጥር ቅቤ የሚቆየው ውኃው በእሳት ስለወጣለት ነው። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ የሚሻግተው እንጀራ እንኳን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። እናቶቻችን ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ምግብ ያቆዩት በማድረቅ፣ በማብላላትና በጨው ነው። እንግዲህ አንድ ምግብ ብዙ መቆየቱ ብቻውን አያስኮንነውም። ምን ተደርጎ ቆየ? ምንስ ተጨመረበት? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

በዚህ ዓይን መደርደሪያሽን አብረን እንየው። ወተቱን አንሺና ወደ ጎን አድርጊው። ያ ወተት ወራት የሚቆየው መድኃኒት ተደርጎበት አይደለም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከ135 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ግሎ ተህዋሲያን በሌሉበት ማሸጊያ ውስጥ ስለገባ ነው። ከተከፈተ ግን እንደ ማንኛውም ወተት ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። እንዲያውም ሳይፈላ ከሚጠጣ የሠፈር ወተት ለልጅ እሱ ይሻላል፤ ትኩስ የሆነ ሁሉ ጤና ነው ማለትም ሌላ ስህተት ነውና። ሳልሳውም በመሠረቱ ውኃው የተነነለት ቲማቲም ነው። ጀርባውን ገልብጠሽ አንብቢ፤ ከቲማቲምና ከጨው ሌላ ብዙ ካልተዘረዘረ አትፍሪው። ፓስታው፣ ሩዙ፣ ምስሩም በሰላም ይቀመጡ።

ሞርታዴላው ላይ ግን ከአማትሽ ጎን ነኝ። ወጥ ውስጥ የበሰለ ሥጋ ምን መልክ እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ይጠወልጋል፣ ቡናማ ይሆናል። ሞርታዴላ በስሎም ሮዝ የሚሆነው ናይትራይት የሚባል ጨው ስለሚገባበት ነው። የገባው በተንኮል አይደለም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያግዳል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሞርታዴላን የመሰለ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እዚያው ምድብ ውስጥ ሲጋራም ስላለ ሰዎች «ሞርታዴላ ከሲጋራ እኩል ነው» እያሉ ያወራሉ። ይህ ልክ አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው፤ የአደጋውን መጠን አይለካም። መጠኑን በተመለከተ ተቋሙ ያቀረበው ግምት በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከማይበላው በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል የሚል ነው። ልጅሽ እስካሁን የበላውን እየቆጠርሽ ሌሊት አትገላበጪ። ነገር ግን «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ያልሽውን ወደ «አልፎ አልፎ» ማውረድ አለብሽ። ከምትለውጫቸው ነገሮች አንደኛው ይህ ይሁን።

የኑድሉ ችግር በአብዛኛው ያቺ ትንሽ የቅመም ከረጢት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አካባቢ መሆኑ ነው። ለልጅ ከዚያም ያነሰ። አንድ ፓኬት ኑድል ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ አካባቢ ይዞ ይመጣል። መብራት በሌለበት፣ ደክሞሽ በገባሽበት ምሽት ኑድል መቀቀል ኃጢአት አይደለም። ከረጢቷን ግማሽ ጨምሪ፣ እንቁላል ስበሪበት፣ ጎመን ወይም ካሮት ከትፈሽ ጣል አድርጊበት። ስለ ጁሱና ስለ ቺፕሱ ብዙ አልልም፤ ቤት ውስጥ ሙዝ እየጠቆረ ከሱቅ የስኳር ውኃ መግዛት አንቺንም ሳያስቅሽ አይቀርም።

አሁን ወደ ጆንያው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር አሰላሁ። አማትሽ ጆንያ መላክ የጀመሩት ዛሬ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ ሠራተኛችሁ እያለች ግን ስለተጣለ አቮካዶ አንድም ነገር አልጻፍሽም። ያቺ ልጅ ጎመኑን ትቀነጥስ፣ የበሰለውን ከጥሬው ትለይ፣ ሙዙ ሳይጠቁር ለልጆቹ ታቀርብ ነበር። የሚበላሽ ምግብ ሰው ይፈልጋል፤ በየቀኑ የሚያየው ዓይንና የሚያገላብጠው እጅ ይፈልጋል። እሷ ስትሄድ ያ ሁሉ ሰዓት ወደ ማን ሄደ? ማንም ተቀምጦ ሳይመክርበት ወደ አንቺ መጣ። አንቺ ደግሞ ትርፍ ሰዓት አልነበረሽምና ከሱቅ ገዛሽው። ሞርታዴላ ብለሽ የገዛሽው ነገር በእኔ ዓይን ሰዓት ነው። ይህን ያላየ ሰው ማቀዝቀዣሽን ከፍቶ ቢፈርድብሽ አይገርምም።

ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር አለባችሁ፤ ስለ ናይትራይት ሳይሆን ስለ ሰዓት። እሱ ከ7 ሰዓት ጀምሮ ቤት ነው። ደብተር ያርማል፣ ትምህርት ያዘጋጃል፤ አውቃለሁ፣ መምህርነት ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ሥራ ነው። ቢሆንም ከሠፈራችሁ ጉሊት ሦስት እስር ጎመንና ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ መመለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማታ ደክማችሁ ሳለ አታንሺበት፤ እናቱ ባሉበትም አታንሺው። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ፣ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ፣ «ትኩስ ምግብ ይብሉ ባልከው እስማማለሁ። ሽንኩርቱን ማን ይልጣል?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። ዝምታውን አንቺ አትሙዪለት። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ የማየው ስህተት ሴቷ ራሷ ጠይቃ ራሷ መመለሷ ነው፤ «እሺ በቃ፣ እኔው አደርገዋለሁ» ብላ ትነሳለች። አንቺ ተቀመጪ። ማክሰኞና ሐሙስ የእሱ የእራት ቀን ይሁን በዪው። ሽሮ እንኳን ቢሠራ ሽሮ ነው፤ ጨው ቢበዛበትም ብሉለት።

ሌላው ሁሉ ዘዴ ነው፤ ዘዴ ደግሞ ከክርክር ይቀልላል። ጎመንሽ ለምን ቶሎ ቢጫ እንደሚሆን ሳላየው ልገምት፤ ከሙዙና ከአቮካዶው ጋር አንድ ላይ ነው የምታስቀምጪው። ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ ጋዙ አጠገባቸው ያለውን ቅጠል ያስረጀዋል። ለያያቸው። ጎመኑን ሳታጥቢ በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣው ታች አድርጊው፤ የምታጥቢው ልትሠሪው ስትይ ነው። ጥሬ አቮካዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ፤ ውጭ ይብሰል፣ በጣትሽ ስትጫኚው ለስለስ ያለውን ብቻ እየለቀምሽ አስገቢ። በዚህ መንገድ አሥሩም በአንድ ቀን አያፈጥብሽም። ጥቂቱን ቶሎ ማብሰል ከፈለግሽ ደግሞ ያንኑ የሙዝ ጋዝ ለጥቅም አውዪው፤ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ሽንኩርትና ድንች አንድ ቅርጫት ውስጥ አይኑሩ፤ ቶሎ ይበላሻሉ።

መብራቱን በተመለከተ፣ የተዘጋ ማቀዝቀዣ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ልጆቹ በየደቂቃው እየከፈቱ «መብራት መጣ?» ብለው አምፖሏን ካላዩ ማለቴ ነው። በውኃ የሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጪ፤ መብራት ሲጠፋ ታች አውርደሽ ከወተቱና ከወጡ አጠገብ ደርድሪያቸው። ከ4 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከሞቀ ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ ላይ አትከራከሪ። እንደገና ማፍላት ሁልጊዜ አያድነውም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም። አትክልትና ፍራፍሬ ግን ይታገሣል።

ለአንቺ ዓይነቱ ቤት ከሁሉ የሚጠቅመው የእሑድ ቁሌት ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አንድ ጊዜ ይከተፋል (ባለቤትሽ ያልቅስ፣ ዛሬ የእሱ ተራ ነው)፤ በደንብ ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። ሲቀዘቅዝ በየቀኑ ልክ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ለሦስት ቀን የሚሆነው ማቀዝቀዣ፣ የቀረው በረዶ ቤት ይግባ። ምሽት 12፡30 ስትገቢ ግማሹ ወጥ ተሠርቶ ይጠብቅሻል። እኔ ራሴ ልጆቼ ትንንሾች ሳሉ ከብዙ ጭቅጭቅ ያዳነኝ ይኸው ቁሌት ነው። ማቀዝቀዣ የገዛሁ ሰሞንማ የቅዳሜ ገበያ ሁሉ ወር የሚቆይ መስሎኝ ነበር፤ ስንት እስር ቆስጣ እንደጣልኩ አልነግርሽም።

አማትሽ ጋር ደውዪላቸው። እሳቸው ጉዳዩን የተናገሩት በቁጣ ይመስላል፤ እኔ ግን ሐዘን እሰማበታለሁ። ያንን ጆንያ ከጓሯቸው ለቅመው፣ ሞልተው፣ ረዳቱን «አደራ አደራ» ብለው ነው የጫኑት። ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ያዩት የጠቆረ አቮካዶ አልነበረም፤ የራሳቸውን ድካም ነው ያዩት። ማስተባበያ አታብዢ። «እማማ፣ የላኩት ሲበላሽ እኔንም ያመኛል። ሠራተኛ ከሄደችብኝ ወዲህ አልደርስበትም። ጆንያውን ሁለት ቦታ ከፍለው በየሳምንቱ ቢልኩልኝ፣ አቮካዶውንም ገና ጥሬ ሳለ ቢሰዱልኝ ሁሉንም እንበላው ነበር» በያቸው። ከዚያ አንድ ነገር ለምኚያቸው፤ ቋንጣ ወይም ድርቆሽ ያዘጋጁልሽ። የሚቆይ ምግብ እንደሚያስፈልግሽ ራሳቸው ይረዱታል፤ ከእጃቸው ሲወጣ ደግሞ ኩራታቸው ይሆናል። የተናገሩሽ ቃል እንደጎዳሽ መንገር ከፈለግሽ ንገሪያቸው፤ ግን በሌላ ቀን፣ ፊት ለፊት ቡና ላይ እንጂ በስልክ አይሁን።

ልጅሽን ደግሞ ማንም የጠየቀው አይመስለኝም። «ይሸታል» ሲልሽ ያፈረው በእንጀራው ነው ወይስ ምግቡ በእርግጥ ሸትቶት ነው? ጠዋት 1፡30 የተዘጋ ምሳ ዕቃ 6፡30 ሲከፈት 5 ሰዓት ሆኖታል። የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ በሀዋሳ ሙቀት፣ ትኩሱን በላስቲክ ክዳን አፍነሽው ከሆነ ፍርፍሩ ረጥቦና ጎምዝዞ ነው የጠበቀው። እንዲህ ከሆነ ልጁ የተናገረው እውነቱን ነው! ሞርታዴላውም ቢሆን በዚያው ሙቀት 5 ሰዓት መዋሉን አትርሺ። ለምሳ ዕቃ ደረቅ ያለውን ምረጪ፤ ድፎ ዳቦ፣ ቂጣ በማር፣ ሳይላጥ የሚሄድ ሙዝ፣ ቆሎ። አቮካዶ በዳቦ ቀብተሽ ሎሚ ጠብ ብታደርጊበት ቶሎ አይጠቁርም። እንቁላል በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ለቁርስ አድርጊው። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትልቁ ነው፤ የ4 ዓመቷን ሊያንቃት ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ይሁን፣ ምሳውን ራሱ ይምረጥ፤ ቺፕስ ቢመርጥም ፊትሽን አታጥቁሪበት። ልጅ ከጓደኞቹ መለየት ይከብደዋል፤ ይህን እኛም አልፈንበታል፣ ረስተነው ነው እንጂ።

መጨረሻ ላይ ስለምትኖሪበት ከተማ አንድ ቃል። ሌላው አገር በረዶ ጭኖ የሚያስመጣውን ዓሣ እናንተ በእግር ርቀት አላችሁ። ቅዳሜ በጠዋት ባለቤትሽ ወንዱን ልጅ ይዞ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይውረድ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ጎህ ሲቀድ ያነሳሉ፤ ልጁ ጀልባው ሲራገፍ፣ ቢላዋው ቅርፊቱን ሲገፍፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ደፍተው አንጀት እስኪወረወርላቸው ሲጠብቁ ይይ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲመርጡ ጉንጩን ገልጠው ስንጥቡን ይመልከቱ፤ ደማቅ ቀይ ይሁን፣ ቡናማ ከሆነ ይለፉት። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ፣ ሽታው ሐይቅ ሐይቅ የሚል ይሁን። ፊሌቶ አስወጥተው በረዶ ከሆነች የውኃ ጠርሙስ ጋር በፌስታል ያምጡት፤ በዚያው ቀን ይበላ፣ ቢበዛ ለማግስቱ። እዚያ በዳጣ የሚበላውን ጥሬውን ባለቤትሽ ከወደደ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ለልጆቹ ግን በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ዓሣ ውስጥ በዓይን የማይለይ ጥገኛ ትል ሊኖር ይችላል። ይህንን ለአማትሽ አትንገሪያቸው፤ የትሉን ነገር እንደገና ያነሱብሻል።

በዚህ ሳምንት ሁሉንም አትጀምሪ። የምሳ ዕቃውን ሞርታዴላ፣ ከባለቤትሽ ጋር የቅዳሜውን ንግግርና ወደ ይርጋለም የሚደወለውን ስልክ ብቻ ያዢ። ቁሌቱ ለሚቀጥለው እሑድ ይደርሳል። «ሽንኩርቱን ማን ይልጣል?» ስትዪው ምን እንደመለሰልሽ ግን ጻፊልኝ፤ እውነቴን ነው፣ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።